የኋላ መስታወት ሲረግፍ፦ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሙጫውንም ጠይቁ

የፊት መስታወት ሲመታ ይሰነጠቃል። የኋላው ግን ይረግፋል። መኪና የነዳ ሁሉ ይህን አይቶታል፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። መልሱን ማወቅ ደግሞ ገንዘብ ያድናል። የኋላ መስታወት ለምን እንደማይጠገን፣ ለምን ተለክቶ ተቆርጦ እንደማይሠራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ላይ አንዱ ሻጭ "አለ" ሲል ጎረቤቱ "ለዚህች ሞዴል አታገኝም" የሚለው ለምን እንደሆነ፣ ሁሉም ከዚያው ይመነጫል።

ይህን ስጽፍ በአእምሮዬ ያለችው ቶዮታ ቪትዝ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ዞር ባልን ቁጥር የምናያት እሷን ነውና። የኋላ በሯ ወደ ላይ ይከፈታል፤ መስታወቱ በሩ ላይ በሙጫ ተለጥፏል። ኮሮላ ወይም ሌላ ሴዳን ያላችሁም አብዛኛው ነገር ይመለከታችኋል። የቮልስና የላዳ ባለቤቶች ግን የራሳችሁ ወግ አላችሁ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ መስታወቱ

የፊት መስታወት አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። በሁለት ስስ መስታወቶች መሃል ግልጽ ፕላስቲክ ገብቶ በሙቀትና በግፊት ተጣብቀዋል። ላሚኔትድ ይባላል። ሲሰበር ስብርባሪው ፕላስቲኩን ይዞ ይቀራል እንጂ ፊታችሁ ላይ አይበተንም። ይህን ያመጣው ኤድዋር ቤኔዲክተስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር።

የኋላው በአብዛኞቹ መኪኖች አንድ ነጠላ መስታወት ነው። ቴምፐርድ ይሉታል። መጀመሪያ ልክ በልኩ ይቆረጣል፣ የሚበሳው ይበሳል። ከዚያ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፣ ቅርጹን ይይዛል፣ ወዲያው በኃይለኛ አየር ይመታል። ውጩ በቅጽበት ይጠነክራል፤ ውስጡ ገና ትኩስ ነው። ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ መኮማተር ይፈልጋል፣ የጠነከረው ውጪ ግን አይለቀውም። በዚህ የተነሳ መስታወቱ ዕድሜውን ሙሉ ላዩ እንደተጨመቀ፣ ሆዱ እንደተወጠረ ይኖራል።

ያ የተጨመቀው ላዩ ጥንካሬ ይሰጠዋል። ያው ውፍረት ካለው ተራ መስታወት አራት እጥፍ ገደማ ይጠነክራል። ጠጠር ሲያርፍበት ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሆን የሚቀረው ለዚህ ነው። ስንጥቁ ግን ጭምቁን ንብርብር አልፎ ሆዱ ጋ ከደረሰ አለቀ። እንደተወጠረ የከበሮ ቆዳ ነው፤ አንድ ቦታ ሲቀደድ ሁሉም ይለቃል። መስታወቱ በሙሉ ባቄላ የሚያህል ቅንጣት ሆኖ ይፈሳል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ታስቦበት ነው። ተራ የቤት መስታወት ቢሆን ኖሮ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ አንገት ላይ የሚመጣው ረጅም ስለታም ስባሪ ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል።

የፊት መስታወት ላይ ጠጠር ትንሽ ሲፈነክተው በልዩ ሙጫ ሞልተው የሚያድኑ ባለሙያዎች አሉ። የኋላው ላይ ያ የለም። ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ የለም።

ሁለተኛው፣ ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። "ትንሽ ሰፋ ያለ አለኝ፣ ጠርዙን እሞርደዋለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ መስታወቱ ቴምፐርድ አይደለም፣ ወይ ሰውየው ሥራውን አያውቅም። የዋይፐሯ ቀዳዳ እንኳ ከመሞቁ በፊት የተበሳ ነው። ስለዚህ የእናንተ ሞዴል ራሱ መገኘት አለበት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያምነው ነው። ቴምፐርድ መስታወት ቆሞ ባለበት ሊፈነዳ ይችላል። ደካማ ጎኑ ጠርዙ ነው። ጠርዙ ትንሽ ከተነካ፣ ቁስሉ በሙቀትና በንዝረት ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ስትወጡ መስታወቱ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተዘርግፎ ታገኙታላችሁ። አልፎ አልፎም ሲመረት የገባች ኒኬል ሰልፋይድ የምትባል ጥቃቅን ቅንጣት ከዓመታት በኋላ አብጣ ትሰብረዋለች። ጥበቃውን፣ የሰፈር ልጆችን፣ ጎረቤትን ከመወንጀል በፊት ይህን አስቡ። (እርግጥ አንዳንዴ ኳሱ ራሱ ኋላ ወንበር ላይ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ነው።)

መስታወታችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ጥግ ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ዓይነቱ ተጽፏል። ሌላም መንገድ አለ። ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ ከፊታችሁ ያለችውን መኪና የኋላ መስታወት እዩ። ጥላ የመሰሉ ነጠብጣቦች ተሰድረው ታያላችሁ። ያ ቀዝቃዛው አየር ያረፈባቸው ቦታዎች አሻራ ነው። ላሚኔትድ ላይ አይታይም።

በረገፈበት ሰዓት

ሰው ሁሉ ወደ መጥረጊያ ይሮጣል። ቆዩ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ታርጋው እየታየ፣ ስብርባሪው እንዳለ፣ አካባቢው ጭምር።

ሙሉ ዋስትና ካላችሁ ከመጠገናችሁ በፊት ለኢንሹራንሳችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። ቀድማችሁ ካሠራችሁና ደረሰኝ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ክርክር ነው የሚጠብቃችሁ። ፕሮፎርማ ያስመጧችኋል፣ የራሳቸው ሰው መጥቶ ያያል። ከዚያ በፊት ግን ውላችሁ ላይ ከእናንተ ኪስ የሚወጣው ድርሻ ስንት እንደሆነ እዩ። መስታወቱ ከዚያ ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ካለው ካሳ መጠየቁ ላያዋጣ ይችላል። ካሳ ሳትጠይቁ ስለከረማችሁ የሚደረግላችሁ የአረቦን ቅናሽ ካለም እሱም ሊነካ ይችላል። ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

3ኛ ወገን ብቻ ያላችሁ ደግሞ፣ ለራሳችሁ መስታወት ምንም አይከፍልላችሁም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገደደን በሌላው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት ዋስትና እንድንገባ ነው። ነገሩ ወደ እናንተም ይሠራል። ሌላ ሹፌር ከኋላ መጥቶ ገጭቶ ከሰበረው የእሱ 3ኛ ወገን ነው የሚከፍለው። ለዚህ ግን የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ማንሳት አለበት። "ወንድሜ፣ ለዚህ ለዚህ ፖሊስ ምን ያደርጋል፣ እኛው እንጨርሰዋለን" ተባብላችሁ ስልክ ተለዋውጣችሁ ከተለያያችሁ፣ በማግስቱ ስልኩ ላይነሳ ይችላል። ያኔ ኢንሹራንሱም ማስረጃ የላችሁም ይላል።

ስብርባሪውን ስታነሱ ጓንት አድርጉ። ቅንጣቶቹ አይቆርጡም ይባላል፤ እንደ ተራ መስታወት አይቆርጡም እንጂ ይቧጭራሉ። ዋናው ችግር የሚደበቁበት ቦታ ነው። የቀበቶው መሰኪያ ውስጥ፣ ወንበሩ ስፌት ውስጥ፣ በኋላ በሩ ሆድ ውስጥ ይገባሉ። የበሩ የውስጥ ፕላስቲክ ተፈትቶ ካልተጠረገ ለወራት ሲንኳኳ ይኖራል። መስታወት ሠራተኛው ይህን የሥራው አካል አድርጎ እንዲሠራው ቀድማችሁ ንገሩት። ካልነገራችሁት አብዛኞቹ አይፈቱትም። የታክሲ ባለቤቶች ደግሞ ተጨማሪ ኪሳራ አለባቸው፤ ጥቅሱም አብሮ ረግፏል።

ጊዜያዊ መሸፈኛ ላስቲክ ስትለጥፉ ፕላስተሩን ቀለሙ ላይ ለቀናት አታቆዩት። ፀሐይ ካገኘው ሲነሳ ቀለም ይዞ ሊነሳ ይችላል።

አሁን ደግሞ በቀላሉ የማይታይ አደጋ። መኪና ሲሄድ ከጀርባው የአየር ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ከማርሚታው የወጣው ጭስ ተመልሶ ወደ ክፍቱ መስኮት ይሳባል። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው ምልክቱ። ያለ መስታወት ሩቅ መንገድ አትውጡ። ወደ ጋራዥ ለመሄድ ግድ ከሆነ ክፍተቱን በደንብ ሸፍኑ፣ የፊት መስኮቶቹን ዝቅ አድርጉ፣ ንጹሕ አየር ማስገቢያውን ክፈቱ። ኋላ ወንበር ላይ ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ አታስቀምጡ።

መስታወቱን መፈለግ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ የድሮ ዋጋ መጥቀስ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ቁጥር አልጠቅስም። በዚያው ቀን ሦስት አራት ቦታ ደውሉ፣ የገበያው ልክ ይገባችኋል።

ስትደውሉ "የቪትዝ የኋላ መስታወት" ብቻ አትበሉ። ቪትዝ ሦስት ትውልድ አላት፦ ከ1999 እስከ 2005፣ ከ2005 እስከ 2010፣ ከ2010 እስከ 2020 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። መስታወታቸው አይገጣጠምም። የመኪናዋን ስሪት ዘመን፣ ሻንሲ ቁጥሯን፣ ዋይፐር ቀዳዳ እንዳላት፣ ማሞቂያ መስመር እንዳላት፣ መስታወቱ ከፋብሪካው ጠቆር ያለ መሆን አለመሆኑን ተናገሩ። ከስብርባሪው መካከል ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ ካገኛችሁ አትጣሉት። የሠሪው ምልክት እዚያ ላይ ነው።

ያገለገለ ወይስ አዲስ? ብዙ ሰው አዲስ ሁልጊዜ ይሻላል ይላል። እኔ አልስማማም። ሶማሌ ተራ የሚገኘው ከተጋጨች መኪና የወጣ መስታወት ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው አብሯት የመጣ ነው። ጉብጠቱ ልክ ነው፣ የማሞቂያው መስመር ጥሩ ነው። አዲስ ተብሎ የሚመጣው ደግሞ ከጥሩ ሠሪም ከማይታወቅም አለ። እንደ ጃፓኑ አሳሂና እንደ ቻይናው ፉያዎ ያሉት ለመኪና ፋብሪካዎች ራሳቸው የሚያቀርቡ ናቸው። ስም የሌለው፣ ጥጉ ላይ ምንም ያልታተመበት መስታወት ግን ርካሽ ቢሆንም ተዉት። ጉብጠቱ ጥቂት ሚሊሜትር ቢስት አንዱ ጥግ ሁልጊዜ ከቦታው ሊነሳ ይታገላል።

ያገለገለ ስትገዙ ግን ጠርዙን መርምሩ። በስስ ጨርቅ ዙሪያውን አብሱት፤ ጨርቁ ከያዘ እዚያ ቦታ ተነክቷል ማለት ነው። ሲወጣ በሽቦና በምላጭ ስለሚቆረጥ ጠርዙ የሚጎዳበት ዕድል አለ። ላይ ላዩን ንጹሕ ሆኖ ጠርዙ ከተነካ አትግዙት፤ ከላይ ያልኳችሁ ነገር ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ከወር በኋላም። ደረሰኝም ጠይቁ። የሰፈሩ ቀልድ የታወቀ ነው፦ ማታ የተሰረቀ ስፖኪዮህን ጠዋት ለራስህ ይሸጡልሃል።

አዳዲሶቹ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ነገሩ ከበድ ይላል። ገና ብዙ ስላልተጋጩ ያገለገለ ዕቃ እንደ ቶዮታው አልበዛም። ከውጭ ይታዘዛል። ከገበያ የምትገዟት መኪና ምን ያህል ኪሎ ሜትር በአንድ ቻርጅ እንደምትሄድ ስትጠይቁ የኋላ መስታወቷ የት እንደሚገኝም አብራችሁ ጠይቁ።

ሙጫው

እዚህ ላይ ነው አብዛኞቻችን የምንሸወደው። በመስታወቱ ዋጋ ግማሽ ቀን እንከራከራለን። ከዚያ "መግጠሚያው ስንት ነው?" እንላለን፣ ትንሽ እናስቀንሳለን፣ እንስማማለን። በምን እንደሚለጠፍ የሚጠይቅ የለም። ጥሩ መስታወት በመጥፎ ሙጫ ከመካከለኛ መስታወት በጥሩ ሙጫ ይብሳል። ውሃ የሚያስገባው፣ ንፋስ የሚያፏጨው፣ ላሜራውን የሚያዝገው መስታወቱ አይደለም።

የመኪና መስታወት የሚለጠፈው በዩሪቴን ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማጣበቂያ። የአልሙኒየም በርና መስኮት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ሲሊኮን ቦታውን አይተካም። ሲሊኮን ውሃ ይከለክላል፣ መስታወቱን ግን በሚፈለገው ኃይል አይዝም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ አንዴ የተቀባበት ላሜራ ላይ በኋላ ትክክለኛው ዩሪቴን ቢመጣ እንኳ አይጣበቅም። ስሱ ቅባቱ ይቀራልና።

"ምንድን ነው የምትጠቀመው?" ስትሉት "አለቃ፣ ሲካ ነው፣ ኦሪጅናል" ይላችሁ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ ግን አልበቃም። ሲካ ከ1910 ጀምሮ ያለ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ነው፤ ለኮንክሪትም፣ ለጣሪያም፣ ለመኪናም ይሠራል። ለሕንፃ ስንጥቅ የተሠራው ለመኪና መስታወት አይሆንም። ትዩቡን ተቀብላችሁ አንብቡ። ለተሽከርካሪ መስታወት የሚል ይሁን። የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ያለፈበት ዩሪቴን ከውስጥ መጠንከር ጀምሮ ስለሚሆን አይዝም። ትናንት ተከፍቶ አፉ በምስማር የተደፈነ ትዩብም አይሁን። ይህን ስታዩ ሠራተኛው ቅር ሊለው ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ግን አይከፋም፤ እንዲያውም የሚያውቅ ደንበኛ መጣ ብሎ ይጠነቀቃል።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። በላሜራው ዙሪያ ያለው የድሮ ሙጫ እስከ ብረቱ አይፋቅም። አንድ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ስስ ሆኖ እንዲቀር ይቆረጣል፤ ምክንያቱም አዲሱ ዩሪቴን ከማንም በላይ የሚወደው አሮጌውን ዩሪቴን ነው። ምላጩ ብረቱን ከጫረው ወይም ዝገት ካለ፣ ዝገቱ ተፍቆ በፕራይመር (ከሙጫው በፊት በሚቀባ መሠረት) ይሸፈናል፤ ፕራይመሩ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ዝገት ላይ የተለጠፈ መስታወት የተጣበቀው ከዝገቱ ጋር ነው። ዝገቱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

የመስታወቱ ጠርዝ ይጸዳል። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት በቂ ነው ለማበላሸት። በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ቀለምና ነጠብጣቦቹን አይታችኋል? ለውበት ይመስለን ነበር። ዋና ሥራው ፀሐይን መከለል ነው። ዩሪቴን የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ይፈራርሳል፤ ጥቁሩ ቀለም ከላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሙጫው ከጥቁሩ መስመር አልፎ ከወጣ ሥራው አላማረም ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም አጥሯል።

ከዚያ መስታወቱ ያለ ሙጫ ቦታው ላይ ይሞከራል። በዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። እኩል ካልሆነ መመለሻው ጊዜ አሁን ነው። ሙጫው ሲቀባ አንድ ያልተቆረጠ መስመር ሆኖ ዙሪያውን ይዞራል፣ ቁመቱም አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የትዩቡ አፍ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ስለሚቀባ ወደ ላይ ሾጠጥ ይላል፤ መስታወቱ ሲጫነው ተደፍጥጦ ይሞላል። ሁለት ሰው ይዞ በአንዴ ያስቀምጠዋል። አስቀምጦ መጎተት፣ ማንሳት፣ እንደገና ማስቀመጥ የለም። በፕላስተር ይያዛል።

መቼ ይነዳል? ትዩቡ ላይ ተጽፏል። እንደ ዓይነቱ ከአንድ ሰዓት እስከ ብዙ ሰዓት ይለያያል። ዩሪቴን ከአየር ላይ እርጥበት እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ፀሐይ ላይ ማቆም ብቻውን አይበቃም፤ የበጋው ደረቅ አየር ያዘገየዋል። ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚሄድ ላዩን ነክታችሁ ደረቅ ቢመስላችሁ ውስጡ ገና ሊሆን ይችላል። በተለመደው ሁኔታ በቀን 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት መኪና እጥበት የለም። ኮብልስቶን ላይ መንገጫገጭ የለም። የኋላ በሩን መወርወር የለም። ሌሎቹን በሮች ስትዘጉም አንዱ መስኮት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆይ፤ ታፍኖ የተገፋ አየር መውጫ ሲያጣ መስታወቱን ከሙጫው ላይ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

"ጋሼ፣ አሁኑኑ ይዘዋት መሄድ ይችላሉ፣ ምንም አትሆንም" ቢሏችሁም ቆዩ። ማክያቶ ጠጡ። ሌላ ማክያቶም ጠጡ።

ሽቦዎቹ

የኋላ መስታወት ላይ ያሉት ቡናማ መስመሮች ብር (ማዕድኑ) ያለበት ቀለም ናቸው። ታትመው በሙቀት ከመስታወቱ ጋር ተዋህደዋል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ይሞቃሉ፣ ጉሙ ይጠፋል። ክረምት ላይ በእንጦጦ በኩል የሚመላለስ ሰው ጥቅማቸውን ያውቃል። በአንዳንድ መኪኖች ከላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ የሬዲዮ አንቴና ናቸው። መስታወት ከተቀየረ በኋላ ሬዲዮው ቢንሿሿ ምክንያቱ እዚያ ነው፤ ወይ ገመዱ አልተሰካም፣ ወይ አዲሱ መስታወት አንቴና የለውም።

ከጋራዡ ሳትወጡ ሞክሩት። ሞተሩ ተነስቶ ማሞቂያው ይብራ፣ ከውስጥ መስታወቱ ላይ ትንፋሻችሁን እፍ በሉበት። በየመስመሩ ዙሪያ ጉሙ ሲጠፋ ይታያል። አንድ መስመር ብቻ ካልሠራ እሱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፤ ብር ባለበት ልዩ ቀለም ሊቀጠል ይችላል። ምንም ካልሠራ መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ከዚያ ወደ ኋላ በሩ የሚሄዱትን ሽቦዎች። በሩና ጣሪያው መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው የሚያልፉት፤ በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ስለሚተጣጠፉ በጊዜ ብዛት ይቆረጣሉ። የዋይፐሩና የላይኛው ፍሬን መብራት ሽቦም በዚያው ነው የሚያልፈው፤ ሁሉም አንድ ላይ ከጠፉ አዲሱን መስታወት አትጠርጥሩ።

ሽቦው መስታወቱን የሚነካባት ትንሽዋ ብረት ብትነቀል በተራ ሱፐር ግሉ አትለጥፏት። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጥቁር ላስቲክ መለጠፍ የምትወዱም ካላችሁ፣ የተለጠፈው ሲነሳ መስመሮቹን ይዞ ይነሳል፤ በምላጭ ሲፋቅማ ጭራሽ አይተርፉም።

ቮልስ፣ ላዳና ዘመዶቻቸው

እነዚህ በሙጫ አይደለም የተያዙት፣ በጎማ ነው። ጎማው በአንድ በኩል መስታወቱን፣ በሌላው የላሜራውን ጠርዝ ይይዛል። አገጣጠሙ ማየት የሚያስደስት ነው። ጎማው መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይለብሳል። ላሜራውን በሚይዘው ከንፈሩ ውስጥ ዙሪያውን ገመድ ይገባል፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ መኪናው ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ሳሙና ይቀባል። አንዱ ከውጭ መስታወቱን ሲጫን ሌላው ከውስጥ ሆኖ ገመዱን ይጎትታል፤ ገመዱ ሲወጣ የጎማውን ከንፈር ላሜራው ላይ እያለበሰ ይሄዳል።

እዚህ ስስት የሚጎዳው ጎማው ላይ ነው። አሮጌው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ አዲስ መስታወት አያድነውም። የቮልስ ባለቤቶች ደግሞ ዘመኑን ተጠንቀቁ፤ የኋላ መስኮቷ እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 ሞላላ ነበር፣ ከዚያ ነው የሰፋው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ጠፍጣፋ የኋላ መስኮት ያላቸው አሮጌ ላንድሮቨሮችና ፒካፖች ዕድለኞች ናቸው። ላሚኔትድ መስታወት ተለክቶ ሊቆረጥላቸው ይችላል፤ ላሚኔትድ ይቆረጣል፣ ቴምፐርድ ነው የማይቆረጠው። ተራ የቤት መስታወት አስቆርጦ የሚያስገባም አለ። ከፍራሽ ሥር ቢላ አስቀምጦ መተኛት ነው።

ከወጣ በኋላ

ሙጫው በደንብ ከደረቀ በኋላ ውሃ አፍስሱበት። በኃይል የሚረጨውን ሳይሆን በቀስታ የሚወርደውን፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በስልኩ መብራት ጥጎቹን ይይ። ከዚያ የስኮርታ ጎማውን አንሱና ሥሩን ዳስሱ። የኋላ መስታወት የሚያስገባው ውሃ መጀመሪያ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ምንጣፉ ላይ ሳይታይ ወር ሙሉ ሊቆይ ይችላል። የሻገተ ሽታ ከሸተታችሁም መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።

ውሃ ካስገባ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ገጠመው ሰው ተመለሱ። መግጠሚያው ላይ ዋስትና እንዳለ በደረሰኙ ላይ ቀድማችሁ ካስጻፋችሁ ነገሩ ይቀላል። "ከውጭ ትንሽ ሲሊኮን ልቀባበት" ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ውሃው የገባው ከውስጥ ባለ ክፍተት ነው፤ መስታወቱ ወጥቶ በአዲስ ዩሪቴን እንደገና ይለጠፍ።